«ሰውየውን ላናግረው ወይስ እርግጠኛ እስክሆን ልጠብቅ?»፦ የእህቷ ልጅ ምስጢር ለነገረቻት አክስት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የእህቴ ልጅ 8 ዓመቷ ነው። እሑድ ዕለት ፀጉሯን ስሠራት፣ ቤት እየመጣ የሚያስጠናት መምህር “የማልወደውን ነገር ያደርገኛል፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል” አለችኝ። ደንግጬ ብዙ ጠየቅኳት። ሰኞ ሰውየው እንደተለመደው መጥቶ አስጠንቷት ሄደ። ትናንት ማክሰኞ ደግሜ ስጠይቃት አንዳንዱ ነገር ተለወጠ፤ “አንድ ቀን” ያለችው “ብዙ ቀን” ሆነ። ለእናቷ ስነግራት “ልጅ ነች፣ የሆነ ቦታ አይታ ይሆናል፣ በከንቱ ስማችን ይጠፋል” አለችኝ። ሰውየው ነገ ሐሙስ ይመጣል። ፊት ለፊት ላናግረው? ወይስ እርግጠኛ እስክሆን ልጠብቅ?»

ምላሽ፦

እርግጠኛ እስኪሆኑ አይጠብቁ፤ ሰውየውንም አያናግሩ። የነገው ትምህርት ይቅር፤ ልጅቷ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ትቅረብ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች በኋላ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓቱ ልጀምር።

ሰውየው ሰኞ መጥቷል። በዚያ ዕለት የሆነ ነገር ይኑር አይኑር አናውቅም፤ ሐኪም ግን የሚያሰላው የከፋውን ገምቶ ነው። ከተጋላጭነት በኋላ የሚሰጠው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥም ቢሆን በ6ኛው ሰዓት የተጀመረው በ60ኛው ከተጀመረው ይሻላል። ከተጀመረ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከነበረ፣ በሩ የሚዘጋው ነገ በዚያው ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙ እንደ ንክኪው ዓይነት ይወስናል፤ ላያስፈልግም ይችላል። የእርስዎ ድርሻ ውሳኔው ጊዜው ሳያልፍ እንዲሰጥ ልጅቷን ማድረስ ነው። የጉርምስና ምልክት ለጀመረች ልጅ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፣ እሱም በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ካልወሰደች እዚያው ትጀምራለች።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ልብስ ላይ ነው። ሰኞ የለበሰችው ልብስ፣ በተለይ የውስጥ ልብሷ፣ እስካሁን ካልታጠበ አይታጠብ። እያንዳንዱ ለየብቻው በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ እንጂ ፌስታል ውስጥ አይግባ። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ የታፈነው እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታው ደግሞ ልብሱ ላይ ሊገኝ የሚችለውን የጥቃት አድራሹን ዘረመል (ዲኤንኤ) ያበላሸዋል። ልብሱን አያራግፉት፣ ነጠብጣብ ያለበትን ቦታ ቆርጠው አያውጡ። ከረጢቱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማን እንዳስቀመጠው ጽፈው እንደታሸገ ያስረክቡ። ታጥቦ ከሆነም አይጣል፤ ከታጠበ ጨርቅ ላይ ዘረመል የተገኘበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 273 ተጠቂ ሕፃናትን አይቶ፣ ከተገኘው ማስረጃ 64 በመቶው የተገኘው ከልብስና ከአንሶላ እንደነበር፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያው እንደመጣ አሳይቷል። ልብሳቸው ለምርመራ የተሰበሰበላቸው ግን 35 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ገላዋን ታጥባለች፣ ከእንግዲህ ምን ይገኛል?» ብለው አይቅሩ።

ስለ ምርመራው ራሱ፣ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት እውነቱን ትወቅ። በዚህ ዕድሜ ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በዓይን ማየት ነው፤ የምታምነው ሰው አጠገቧ ይቆማል፣ «በቃኝ» ስትል ምርመራው ይቋረጣል። በጉልበት ይዞ መመርመር ሁለተኛ በደል ነው፤ ማንም ቢጠይቅዎ አይፍቀዱ። «ክብረ ንጽሕናዋ ይታይ» የሚል ዘመድም አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ዓይነቱ ፍተሻ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቀር ጠይቀዋል።

የሐኪሙ ወረቀት «ጉዳት አልታየም» ቢል ደግሞ ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ጉዳዩን እንዳይዘጋው ከወዲሁ ይዘጋጁ። በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ብዙውን ጊዜ ቁስል የማይተው ንክኪ ነው፤ ቁስል ቢኖርም የዚያ አካባቢ ገላ በቀናት ውስጥ ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት 36 ታዳጊዎችን መርምሮ ቁርጥ ያለ የግንኙነት ምልክት ያገኘው በ2ቱ ላይ ብቻ ነበር፤ 36ቱም ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ንጹሕ ወረቀት «ምንም አልሆነም» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ተለዋወጠው ታሪክ እንምጣ፣ እህትዎም የሚይዙት እሱን ነው። የ8 ዓመት ልጅ «ስንት ጊዜ?» እና «መቼ?» ለሚሉ ጥያቄዎች አስተማማኝ መልስ መስጠት ይከብዳታል። አንድ ነገር ተደጋግሞ ሲደርስ አእምሮ ቀኖቹን ለየብቻ አያስቀምጥም፤ እንደ አንድ «ሁልጊዜ የሚሆን ነገር» ያዋህዳቸዋል። ስለዚህ የአንዱ ቀን ዝርዝር ወደ ሌላው ቀን ይሻገራል። ሁለተኛ፣ ልጆች ሲናገሩ ውኃውን በእግር ጣት እንደመንካት ነው፦ መጀመሪያ ትንሹን ይነግሩና ፊትዎን ያያሉ። ካልጮኹ፣ ካልተቆጡ፣ ቀሪው ይመጣል። «አንድ ቀን» ወደ «ብዙ ቀን» ማደጉ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ልጅ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ስትጠየቅ የምታስበው «የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር ማለት ነው» ብላ ነው፤ ትልቁን ለማስደሰት ትቀይረዋለች። ይህ ሦስተኛው የእርስዎ ጥያቄ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠየቁ ዛሬ ይቁም።

«ሰውነትሽን ነካሽ አይደል?» ዓይነቱ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ የልጅን ቃል ምን ያህል እንደሚያበላሽ ትልቁ ትምህርት የተገኘው በሕፃናት ላይ ጥቃት ተፈጽሟል ተብሎ በካሊፎርኒያ ከታየው የማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው ክስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች በመሪ ጥያቄ ከተጠየቁ በኋላ በ1990 ያለ አንድም የጥፋተኝነት ፍርድ ተዘጋ። እውነተኛ ቃል በውስጡ ቢኖርም ባይኖርም፣ ጠያቂዎቹ ከጨመሩት ለይቶ ማውጣት የማይቻል ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማይክል ላምብና ባልደረቦቹ ያዘጋጁትን ዓይነት ሥርዓት ተከትለው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ልጆችን የሚያነጋግሩት «የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» እና «ከዚያስ?» በሚሉ ክፍት ጥያቄዎች ነው። ልጅ በክፍት ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ረዥምና ይበልጥ ትክክለኛ ሆኖ ይገኛል። ይህን ሥራ ለእነሱ ይተዉት።

እስካሁን የጠየቁትን ግን አይደብቁ። ዛሬ፣ ከእንቅልፍ በፊት፣ በእጅዎ ይጻፉት፤ መሪ ጥያቄ ጠይቀው ከሆነም እሱኑ እንዳለ ይጻፉ። ባለሙያ የሚፈልገው ያልተስተካከለውን ነው። «መምህሩ እንደሚያባልጋት ነገረችኝ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ቃሉ የእርስዎ እንጂ የእሷ አይደለም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦

«እሑድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሳሎን። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ፀጉሯን እየሠራኋት ነበር፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ስለ እሱ ምንም ሳላነሣ “ቲቸር የማልወደውን ነገር ያደርገኛል” አለች። እኔ፦ “ምን ያደርግሻል?” እሷ፦ ዝም አለች፣ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልል ነበር። እኔ፦ “ነካሽ?” እሷ፦ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ “ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል” አለች።»

«ነካሽ?» መሪ ጥያቄ ነው፤ ይኸው ተጽፏል፣ አልተሰረዘም። የአካል ክፍልን የምትጠራበት የልጅነት ስም ካላትም እንደ አፏ ይጻፉት፣ ወደ ሕክምና ቃል አይቀይሩት። ከስር ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ። በስልክ ቪዲዮ አይቅረጿት፤ ካሜራ ፊት የተቀመጠች ልጅ ወይ ትዘጋለች ወይ ታጋንናለች፣ ቪዲዮው ደግሞ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላው መሄዱ አይቀርም።

ልጅቷ ራሷ ወሬውን ካነሣች አያስቁሟት። ሥራዎን ሳያቋርጡ፣ ድምፅዎን ሳይቀይሩ ያዳምጡ። የሚነገሯት ዓረፍተ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ።» «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» «ይህን ነገር ልጆችን መርዳት ሥራቸው ለሆነ ሰዎች መንገር አለብኝ፤ አብሬሽ ነኝ።» «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ ነገ ሲናገሩ ሁለተኛው ትልቅ ሰው ከዳት ማለት ነው። «ይታሰራል» ብለውም ቃል አይግቡ። «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፦ ጥያቄ መስሎ ወቀሳ ነው፣ ልጅም ወቀሳን ወዲያው ትለያለች።

ሰውየውን ማናገር ለምን እንደማይሆን ከዚህ በኋላ ግልጽ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ብዙ ደግ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ እዘረዝረዋለሁ። ካናገሩት ስልኩን ያጸዳል። ምክንያት ያሰናዳል፤ ብዙውን ጊዜም ከእርስዎ ቀድሞ ወላጆቿ ዘንድ ደርሶ «ልጅቷ ሰሞኑን ትዋሻለች» ብሎ ዘር ይዘራል። ልጅቷን ብቻዋን የሚያገኝበት አንድ ደቂቃ ካለው ያስፈራራታል። ወይም አድራሻ ቀይሮ ሌላ ቤት ሌላ ልጅ ያስጠናል። «ይቅርታ ይጠይቃትና እንጨርሰው» የሚለው የቤተሰብ ስብሰባም ከዚህ አይሻልም። ልጅቷን ከሰውየው ፊት አቅርቦ «ሆነ? አልሆነም?» ማለት የምትፈራውን ሰው ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ምን ብላ ትመልስ?

ስለዚህ ለነገው አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ነገ አይመቸንም፤ ሌላ ጊዜ እንደውላለን።» ምክንያት አይጻፍ፣ ክርክር አይከፈት። ልጅቷን ወደ ዘመድ ቤት «ለደኅንነቷ» መላክም አያስፈልግም፣ ሰውየው እዚያ ቤት የሚኖር ካልሆነ በቀር። ከቤቷ፣ ከትምህርት ቤቷና ከጓደኞቿ የሚለያት እርምጃ በእሷ ዓይን ቅጣት ነው፤ ተናገርኩና ተባረርኩ ብላ ታነበዋለች። መራቅ ያለበት እሱ ነው። ከስልኩ ወደ ልጅቷ ወይም ወደ ቤቱ ስልክ የላከው መልእክት ካለ አይጥፋ። የእርቃን ምስል ካገኙ ግን ለማንም አያስተላልፉ፣ «ለማስረጃ» ብለውም ቢሆን፤ የሕፃን እርቃን ምስል ማስተላለፍ በብዙ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ስልኩን ከኢንተርኔት አላቅቀው እንዳለ ለፖሊስ ያስረክቡ።

ወደ እህትዎ ልመለስ፤ የልጅቷ ነገ ከማንም በላይ የሚያያዘው በእሷ ነው። ተመራማሪዎቹ ማሎይ፣ ላዮንና ኳስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ወደ ፍርድ ቤት ከቀረቡ 257 ልጆች መካከል 23 በመቶው በሆነ ወቅት ቃላቸውን አጥፈዋል። ያጠፉት በብዛት ትንንሾቹ፣ ጥቃት አድራሹ የወላጅ ቦታ የነበረው እና ጥቃት ያላደረሰው ወላጃቸው ከጎናቸው ያልቆመላቸው ናቸው። ልጅ «ዋሽቼ ነው» ስትል ብዙ ጊዜ እናቷ ስታለቅስ አይታ ነው። ስለዚህ እህትዎን ማሸነፍ ሳይሆን ማሰለፍ ነው የሚያስፈልገው።

ልጅቷ በማትሰማበት ቦታ ያነጋግሯት። «እንዴት አላየሽም?» ብለው አይጀምሩ፤ እሷም ራሷን እየጠየቀች ያለችው ይኼንኑ ነው፣ መካዷም ከዚያ የሚመነጭ ሊሆን ይችላል። ለነገሩ ስም ሳይሰጡት፣ ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል ይንገሯት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት፦ «እውነት ይሁን ሐሰት እኔም አንቺም አንወስንም። የሚወስኑት እስኪወስኑ ድረስ ግን ከሰውየው ጋር ብቻዋን አትሁን፤ ዛሬ ደግሞ ሐኪም ይያት።» ለዚህ «እሺ» ለማለት ማመን አያስፈልጋትም። ጥርጣሬው ሐሰት ቢሆን የቀረው ጥቂት የሒሳብ ትምህርት ነው። እውነት ቢሆንና ዝም ብትል የሚሆነውን ደግሞ እርስዎ ሳይነግሯት ታውቀዋለች። «ገበናችን ይወጣል» ካለች ሪፖርት የሚደረገው በምስጢር መሆኑን፣ የልጅቷን ማንነት መጠበቅም የባለሙያዎቹ ግዴታ መሆኑን ይንገሯት።

እምቢ ካለችስ? ያለ እሷም ሪፖርት ያደርጋሉ። ለሪፖርት ማስረጃ አይጠየቅም፤ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል። በብዙ አገር ሐኪምና መምህር እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፣ በአንዳንዱም ማንኛውም አዋቂ አለበት፤ በቅን ልቦና ያሳወቀ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ሕግ ይጠብቀዋል። በር የሚሆኑት ሦስት ናቸው፦ ሆስፒታል፣ የፖሊስ የሕፃናትና ሴቶች ክፍል፣ የሕፃናት ጥበቃ ማኅበራዊ ሠራተኛ። አንዱ ካንጓጠጠዎት ወደ ሌላው ይሂዱ። በአካባቢዎ ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ማዕከል ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ይምረጡ። እንዲህ ያለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1985 በአላባማ፣ ሀንትስቪል ከተማ ሲጀመር ዓላማው ልጅ ያንኑ ታሪክ ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ እንዳትናገር ነበር። አይስላንድ በ1998 የከፈተችው «የልጆች ቤት»ም ይኸው ነው።

ሲያሳውቁ የሚጠየቁትን ይዘው ይቅረቡ፦ የልጅቷ ስምና ዕድሜ፣ አሁን የት እንዳለች፣ ያለችው ቃል ከነጻፉት ወረቀት ጋር፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚያገኛት፣ መጨረሻ መቼ እንዳገኛት፣ ሌሎች ልጆች የሚያስጠና ከሆነም እሱን። ሌሎቹን ልጆች እርስዎ አይጠይቁ። ከመውጣትዎ በፊት የተቀበለዎትን ሠራተኛ ስም፣ የመዝገቡን ቁጥርና ሰዓቱን ይያዙ፤ በማግሥቱ ደውለው «የት ደረሰ?» ለማለት ያለ ቁጥር አይቻልም። ብዙ ፋይል የሚሞተው በክፋት ሳይሆን ተከታይ በማጣት ነው።

ፌስቡክ ላይ «ይህን ሰው እወቁት» ብሎ መለጠፍ ያጓጓል። ዝምታ ስላንገበገበዎ መናገር ቢፈልጉ አይፈረድብዎትም። ነገር ግን የሰውየው ስም ሲወጣ የሚያስጠናት ልጅ ማን እንደሆነች ሠፈሩ በሰዓታት ውስጥ ይደርስበታል፤ የምስክሮች ቃል ይበከላል፤ እሱም ማስረጃ ለማጥፋት ጊዜ ያገኛል። የሚሰማው ትክክለኛው ሰው ከሆነ አንድ ጆሮ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅቷ ልትቃዥ፣ አልጋ ላይ ልትሸና፣ ያለ ምክንያት ልትቆጣ ወይም ከእናቷ ቀሚስ አልለቅ ልትል ትችላለች። ምንም ሳይታይባትም ሊያልፍ ይችላል፤ ያም «ረስታዋለች» ወይም «ውሸት ነበር» ማለት አይደለም። የሚረዳት የተለመደው ቀን ነው፦ በሰዓቱ መተኛት፣ በሰዓቱ ትምህርት ቤት፣ ጥፋት ስታጠፋ የተለመደው ተግሣጽ። ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ሲያያት ታማሚ ነኝ ብላ ታምናለች። ምልክቶቹ ከጠኑ ወይም ከሰነበቱ ለዚህ ጉዳት የተዘጋጀው፣ ወላጅን ከልጅ ጋር የሚያሠለጥነው የሥነ ልቦና ሕክምና ከ12 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። የሚሰጠው ባለሙያ በሕፃናት ላይ በደረሰ ጥቃት ሠልጥኖ እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ነገ ሐሙስ 10 ሰዓት ሲሆን ደብተሯን አውጥታ በሩን ማየቷ አይቀርም፤ ከልማድም ከፍርሃትም። «ቲቸር ለምን አልመጣም?» ብትል «እኛ እንዳይመጣ ስላልነው» ይበሏት። «ስለተናገርኩ ነው?» ብትል ደግሞ አይሸሿት፦ «አዎ፤ ስለነገርሽን ነው ልንጠብቅሽ የቻልነው።» ከዚያ ደብተሩን አብረዋት ከፍተው የቤት ሥራዋን ያሠሯት።